የኔትዎርክ ማስተዳደሪያ ትዕዛዞች አያያዝ በኢንዱስትሪ መቆጣጠሪያ መሣሪያዎች

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው የዱከም ከተማ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን መቀመጫ ናት። ግንባታው በ2000 ዓ.ም. ገደማ በቻይና ባለሀብቶች የተጀመረው ይኸው ዞን በጥር ወር 2004 ዓ.ም. ማምረት የጀመረውን የሁዋጂየን ጫማ ፋብሪካ ጨምሮ የሲሚንቶ፣ የብረታ ብረትና የሌሎች ምርቶች ድርጅቶችን አስተናግዷል። በአካባቢው የሚያልፈው የአዲስ አበባ - ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመርም በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ ወር 2010 ዓ.ም. መደበኛ የንግድ አገልግሎት መስጠት መጀመሩ ይታወቃል።

በእንዲህ ዓይነት ተቋማት የሞተሩን፣ የፓምፑን፣ የማሞቂያውንና የቫልቩን ሥራ የሚመሩት በአብዛኛው በብረት ሣጥን ውስጥ የተገጠሙ አነስተኛ ኮምፒዩተሮች ናቸው። መሣሪያዎቹ እርስ በርስና ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ጋር በገመድ ወይም በሬዲዮ ተያይዘው ኔትዎርክ ይመሠርታሉ። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ቢሆን በውኃ ማሰራጫ ጣቢያዎች፣ በኤሌክትሪክ ማከፋፈያዎች፣ በሆስፒታሎችና በከፍተኛ ሕንፃዎች ውስጥ ተመሳሳይ መሣሪያዎች በግዥ ይገባሉ፤ ርክክብም ይፈጸምባቸዋል። በርክክቡ ወቅት መሣሪያው ሞተሩን ማስነሳቱና ማቆሙ ይፈተሻል። ኔትዎርኩ ራሱን መሣሪያውን ሲያዝ ምን እንደሚፈጠር ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ያልፋል።

በኔትዎርክ ላይ የሚተላለፉት መልእክቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው የሥራ መልእክት ሲሆን፤ "የታንኩ ውኃ ሞልቷል"፣ "ሙቀቱ 80 ዲግሪ ደርሷል"፣ "ፓምፑን አስነሳ" የሚሉት በዚህ ይጠቃለላሉ። ሁለተኛው የማስተዳደሪያ ትዕዛዝ ሲሆን፤ ስለ ውኃውም ሆነ ስለ ሙቀቱ ሳይሆን ስለ መሣሪያው የሚናገር ነው። አድራሻህን ቀይር፣ እንደ አዲስ ተነሳ፣ ሥራህን አቁመህ ጠብቅ፣ ወደ ሥራህ ተመለስ፣ ማን እንደሆንክ አሳይ የሚሉት ትዕዛዞች በዚህኛው ወገን ይመደባሉ። መሣሪያው ለሁለት አለቆች የሚታዘዝ ሠራተኛ ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው አለቃ ሥራውን፣ ሁለተኛው ሠራተኛውን ያስተዳድራል። ችግሩ የሚነሳው የሁለተኛው አለቃ ትዕዛዝ በመጀመሪያው ሥራ መካከል ሲደርስ ነው።

የዚህ አሠራር ግልጽ ምሳሌ ሎንዎርክስ በመባል የሚታወቀው ሥርዓት ነው። ሥርዓቱን እ.ኤ.አ. በ1990 ይፋ ያደረገው ኤሸሎን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፤ ኒውሮን የተሰኘውን ቺፕ ሞቶሮላና ቶሺባ አምርተውታል። ቺፑ በውስጡ ሦስት አንጎለ ኮምፒዩተሮችን የያዘ ነው። ሁለቱ የኔትዎርኩን ሥራ ሲያከናውኑ ሦስተኛው ፋብሪካው የሚፈልገውን የቁጥጥር ፕሮግራም ያስኬዳል። እያንዳንዱ ቺፕ ሲመረት 48 ቢት ርዝመት ያለው የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። የመግባቢያ ደንቡ አይ.ኤስ.ኦ./አይ.ኢ.ሲ. 14908 በሚል መጠሪያ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የወጣ ሲሆን፤ በሕንፃዎች፣ በባቡሮች፣ በመንገድ መብራቶችና በኤሌክትሪክ ቆጣሪዎች ላይ ሲሠራበት ቆይቷል።

በዚህ ሥርዓት ፕሮግራም ጸሐፊው በተለይ ለአራት የማስተዳደሪያ ሁኔታዎች ምላሽ እንዲያዘጋጅ ይጠበቃል። እነዚህም ሪሴት፣ ኦፍላይን፣ ኦንላይንና ዊንክ የሚባሉት ናቸው።

ከአራቱ ቀላሉ ዊንክ ነው፤ ቃሉ ጥቅሻ ማለት ሲሆን ሥራውም ይኸው ነው። በአንድ አዳራሽ ውስጥ 40 የሚሆኑ ተመሳሳይ ሣጥኖች ግድግዳ ላይ ቢደረደሩ ቴክኒሻኑ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚያየው መሣሪያ የትኛው ሣጥን እንደሆነ በዓይን መለየት አይችልም። የዊንክ ትዕዛዝ ሲላክለት መሣሪያው መብራት ብልጭ ድርግም በማድረግ ወይም ድምፅ በማሰማት ራሱን ያሳውቃል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጥቅሻው በመብራት መሆን ይገባዋል እንጂ ሞተር የሚያስነሳውን ሪሌይ በመክፈትና በመዝጋት መሆን የለበትም። ተራ ምክር ቢመስልም አመላካች መብራት በሌለው ሣጥን ላይ ፕሮግራም ጸሐፊው በእጁ ባለው ውጤት ሁሉ ለመጠቀም መፈተኑ አይቀርም።

ኦፍላይን የሚባለው ትዕዛዝ ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ትዕዛዙ የሚሰጠው በአብዛኛው ለጥገና፣ አድራሻ ለመቀየር ወይም አዲስ ፕሮግራም ለመጫን ነው። ትዕዛዙ ሲደርስ የመሣሪያው ሥርዓት ለቁጥጥር ፕሮግራሙ የመጨረሻ ዕድል ይሰጠዋል፤ ፕሮግራሙም ለዚህ ጊዜ የተጻፈለትን ተግባር ፈጽሞ ይቆማል። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ከኔትዎርኩ የሚመጡ የማስተዳደሪያ ጥያቄዎችን ይመልሳል፤ የቁጥጥር ሥራውን ግን አያከናውንም።

በዚህ ጊዜ የቆመው ፕሮግራሙ ነው። ሞተሩ ቆሟል ማለት አይደለም። ፕሮግራም ጸሐፊው ለኦፍላይን ጊዜ የተለየ ተግባር ካላዘጋጀ መሣሪያው የሚያወጣቸው ምልክቶች በነበሩበት ይቀራሉ። ትዕዛዙ ሲደርስ ፓምፑ እየሠራ ከነበረ መሥራቱን ይቀጥላል። የታንኩን መሙላት አይቶ ፓምፑን የሚያቆመው ፕሮግራም ግን እንቅልፍ ላይ ነው። ማሞቂያም እንደዚሁ፣ የኬሚካል ማስገቢያ ቫልቭም እንደዚሁ ነው። በሌላ በኩል ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ ማጥፋትም ሁልጊዜ ትክክል አይሆንም። የማቀዝቀዣ ውኃ የሚያዘዋውር ፓምፕ በድንገት ቢቆም የሚቀዘቅዘው ማሽን ሊቃጠል ይችላል። ስለሆነም ለእያንዳንዱ ውጤት ደህንነቱ የተጠበቀ ሁኔታ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን የግድ ነው። ውሳኔው በፕሮግራም ጸሐፊው ብቻ የሚሰጥ ሳይሆን ማሽኑን የሚያውቀው የፋብሪካው መሐንዲስ የሚሳተፍበት ሊሆን ይገባል።

ሌላው ጉዳይ ጊዜ ነው። የኒውሮን ቺፕ የቁጥጥር ፕሮግራም ተግባራትን በየተራ የሚያከናውን ሲሆን፤ አንዱ ሳይጠናቀቅ ሌላው አይጀመርም። አንድ ተግባር ረጅም ስሌት ውስጥ ከገባ ወይም የማይመጣ ምልክት ሲጠብቅ ከቆየ የኦፍላይን ትዕዛዙም ወረፋ ይጠብቃል። ፕሮግራሙ ጭራሹን ተሰናክሎ ከቀረ ደግሞ የቺፑ ጠባቂ ሰዓት መሣሪያውን እንደ አዲስ ያስነሳዋል። በመሆኑም በደንብ የተጻፈ ፕሮግራም ተግባሮቹን በአጫጭሩ የሚከፋፍል ነው።

በአገራችን ሁኔታ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ግን የኃይል መቋረጥ ነው። በሎንዎርክስ ሥርዓት ኦፍላይን ሁለት ዓይነት ነው። ሶፍት ኦፍላይን የሚባለው በመሣሪያው ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ላይ ብቻ የሚያዝ ሲሆን፤ መሣሪያው እንደ አዲስ ሲነሳ ይሰረዛል፤ መሣሪያውም ወደ ሥራ ይመለሳል። ሃርድ ኦፍላይን የሚባለው ደግሞ በቋሚው ማኅደረ ትውስታ ላይ ስለሚመዘገብ መብራት ሄዶ ቢመጣም መሣሪያው በዚያው ሁኔታ ይቆያል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ለመረዳት በዱከም በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሊያጋጥም የሚችልን ሁኔታ ማሰብ በቂ ነው። የማጓጓዣ ቀበቶ ለማስተካከል የተመደበ ቴክኒሻን መቆጣጠሪያ ክፍል ያለውን ባልደረባውን ቀበቶው ኦፍላይን እንዲደረግለት ይጠይቃል። ባልደረባው ትዕዛዙን ይልካል፤ በኮምፒዩተሩ ላይም መሣሪያው ከሥራ ውጪ መሆኑ ይታያል። ቴክኒሻኑ እጁን ወደ ማርሹ ባስገባበት ሰዓት መብራት ይጠፋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መብራቱ ሲመለስ መሣሪያው ይነሳል፤ ሶፍት ኦፍላይን የነበረ በመሆኑ በቀጥታ ወደ ሥራ ይገባል፤ ከኔትዎርኩ የሚደርሰው የመጀመሪያው የሥራ መልእክትም "ቀበቶውን አስነሳ" የሚል ሊሆን ይችላል። በዚህ ሂደት ውስጥ የተበላሸ መሣሪያ የለም። ሁሉም ነገር የሠራው በተሠራለት ደንብ መሠረት ነው።

ከዚህ አንጻር የኔትዎርክ ትዕዛዝ የጥገና ቁልፍ ሆኖ ሊያገለግል አይችልም። ሃርድ ኦፍላይንም ቢሆን ከሌላ ኮምፒዩተር በሚላክ ትዕዛዝ ስለሚነሳ ከዚህ የተለየ ዋስትና አይሰጥም። ለጥገና የሚገባ ሰው ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ በእጁ አጥፍቶ፣ በራሱ ጓጉንቸር ቁልፎ፣ መክፈቻውን ኪሱ አስገብቶ ሊገባ ይገባል። የአስቸኳይ ጊዜ ማቆሚያ ቁልፍም ቢሆን በኔትዎርክ መልእክት ላይ ብቻ ተማምኖ መሠራት የለበትም። ለሠራተኞች ደህንነትና ጤንነት አስፈላጊውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታን በአሠሪው ላይ የጣለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሲሆን፤ ኮምፒዩተሩ "ኦፍላይን" የሚል ጽሑፍ ማሳየቱ ይህን ግዴታ የሚተካ አይሆንም።

ሪሴት ከላይ ከተጠቀሰው ጋር የተያያዘ ነው። አንድ መሣሪያ እንደ አዲስ የሚነሳው ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ፣ ማስነሻው ሲነካ፣ ጠባቂው ሰዓት ሲያስገድደው፣ ፕሮግራሙ ራሱ ሲወስን ወይም ከኔትዎርኩ ትዕዛዝ ሲደርሰው ነው። ምክንያቶቹ ተመሳሳይ ውጤት ቢኖራቸውም ትርጉማቸው ይለያያል። ከኃይል መቋረጥ በኋላ የተነሳ መሣሪያ ታንኩ ምን ላይ እንደነበር አያውቅም፤ በኔትዎርክ ትዕዛዝ የተነሳው ግን ማሽኑ ሳይቆም የተነሳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሪሴት ተግባር ማንኛውንም ሞተር ከማስነሳቱ በፊት የመለኪያ መሣሪያዎቹን ማንበብና የመነሻውን ምክንያት ማጣራት ይኖርበታል። የኒውሮን ቺፕ የመጨረሻው መነሻ ምን እንደነበር መዝግቦ የሚይዝ ሲሆን፤ መረጃው ከመሣሪያው ሁኔታና ከስህተት መዝገቡ ጋር በርቀት ሊጠየቅ ይችላል። ለጥገና ኃላፊዎች ይህ መረጃ ዋጋ አለው። በተደጋጋሚ በጠባቂው ሰዓት እየተነሳ ያለ መሣሪያ ሥራውን የሚያከናውን ቢመስልም ፕሮግራሙ ጉድለት እንዳለበት እየተናገረ ነው።

አንድ የሚረሳ ነጥብ አለ። በአንድ አካባቢ መብራት ሲመለስ መቶ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ይነሳል። ሁሉም በአንድ ቅጽበት መልእክት ቢልኩ ኔትዎርኩ ይጨናነቃል፤ ሁሉም ሞተራቸውን በአንድ ቅጽበት ቢያስነሱ ደግሞ ብሬከሩ ይወርዳል። እያንዳንዱ መሣሪያ የተለያየ የመቆያ ጊዜ እንዲኖረው ማድረግ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው።

ኦንላይን የሚለው ትዕዛዝ ሲመጣም መሣሪያው ካቆመበት ዝም ብሎ ሊቀጥል አይገባም። በቆመበት ጊዜ በኔትዎርኩ ላይ የተለዋወጡትን መረጃዎች ፕሮግራሙ ላያያቸው ስለሚችል፤ ወቅታዊውን ሁኔታ በመጠየቅ መጀመር ይኖርበታል።

ጉዳዩን የሚያወሳስበው "ከመስመር ውጪ" የሚለው አነጋገር በሁሉም ሥርዓቶች አንድ ዓይነት ትርጉም የሌለው መሆኑ ነው። በሎንዎርክስ ኦፍላይን የሆነ መሣሪያ ሥራውን አቁሞ ንግግሩን ይቀጥላል። በሕንፃዎች ቁጥጥር ላይ በስፋት የሚሠራበት ባክኔት የተባለው ደንብ ደግሞ የመሣሪያውን ግንኙነት የሚዘጋ ትዕዛዝ አለው፤ ትዕዛዙ የደረሰው መሣሪያ ንግግሩን አቁሞ ሥራውን ይቀጥላል። ዝምታው ለተወሰነ ደቂቃ ብቻ እንዲሆን ጊዜ መወሰን የሚቻል ሲሆን፤ ጊዜው ካልተገለጸ እስኪፈቀድለት ወይም እንደ አዲስ እስኪነሳ ድረስ ዝም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣውና እስከ አሁን በፋብሪካዎች የሚሠራበት ሞድባስ ሦስተኛ ትርጉም አለው። በዚህኛው መሣሪያው የሚያዳምጥ ብቻ እንዲሆን ሊታዘዝ ይችላል፤ መልእክቶችን ይሰማል፣ አይመልስም፣ የታዘዘውንም አይፈጽምም። ከዚህ ሁኔታ የሚያወጣው የግንኙነት ማስነሻ ትዕዛዝ ነው። በኤሌክትሪክና በውኃ አገልግሎት ድርጅቶች የሚታወቀው ዲ.ኤን.ፒ.3 በበኩሉ ሙሉ እና ከፊል የማስነሻ ትዕዛዞች ያሉት ሲሆን፤ እንደ አዲስ የተነሳ መሣሪያ መነሳቱን የሚገልጽ ምልክት ከምላሹ ጋር አያይዞ ይልካል። ይህ ምልክት ለመቆጣጠሪያ ክፍሉ "የምታውቁት መረጃ አርጅቷል፤ እንደገና ጠይቁኝ" የማለት ያህል ነው።

በአንድ ግቢ ውስጥ ከተለያዩ አቅራቢዎች የተገዙ መሣሪያዎች አብረው በሚሠሩበት ሁኔታ አንዱ ቴክኒሻን ከአንዱ ማሽን የተማረውን ይዞ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሥራውን ያቆማል ብሎ የሚጠብቀው መሣሪያ ዝም ብሎ እየሠራ ሊያገኘው ይችላል።

የማስተዳደሪያ ትዕዛዞች ሥልጣናቸው ከፍ ያለ በመሆኑ ማን ሊልካቸው ይችላል የሚለው ጥያቄ አብሮ ይነሳል። ሞድባስ ሲፈጠር የላኪውን ማንነት የሚያጣራበት ምንም መንገድ አልነበረውም። በባክኔት ግንኙነትን የሚዘጋው ትዕዛዝ የይለፍ ቃል ሊጠየቅበት የሚችል ቢሆንም፤ ቃሉ በቀድሞው አሠራር በኔትዎርኩ ላይ ሳይመሰጠር የሚተላለፍ ነው። ሎንዎርክስ የላኪውን ማንነት ለማረጋገጥ የሚጠቀምበት ቁልፍ 48 ቢት ርዝመት ያለው ሲሆን፤ ይህ በዛሬው የኮምፒዩተር አቅም ሲታይ አጭር ነው። ለአንዳንዶቹ የተሻሻሉ እትሞች ወጥተዋል፤ ይሁንና አንዴ የተገጠመ መሣሪያ ለረጅም ዓመታት ስለሚያገለግል ነባሩ አሠራር በቀላሉ አይጠፋም።

በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ግዛት ማሩቺ በተባለ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2000 የደረሰው በዚህ ረገድ በብዙ የሙያው ጽሑፎች ይጠቀሳል። የፍሳሽ ማስወገጃውን የመቆጣጠሪያ ሥርዓት የተከለው ድርጅት የቀድሞ ሠራተኛ የነበረ ግለሰብ ሬዲዮና ኮምፒዩተር በመጠቀም ራሱን ከፓምፕ ጣቢያዎቹ አንዱ አስመስሎ ትዕዛዝ ሲልክ ቆይቷል። በዚህም 800 ሺህ ሊትር ያህል ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ መናፈሻዎችና ወንዞች እንዲፈስ ማድረጉ በፍርድ ቤት ተረጋግጦ በ2001 ተፈርዶበታል። በዩክሬን ደግሞ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 2015 ሦስት የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ድርጅቶች ጥቃት ደርሶባቸው 225 ሺህ ያህል ደንበኞች ለሰዓታት ያለ መብራት ቆይተዋል። ጥቃት አድራሾቹ ብሬከሮቹን በርቀት ካወረዱ በኋላ በማከፋፈያ ጣቢያዎቹ የነበሩ የመገናኛ መሣሪያዎችን ውስጣዊ ፕሮግራም በሌላ በመተካት ከጥቅም ውጪ አድርገዋቸዋል። ሠራተኞቹ ኃይሉን የመለሱት ወደ ጣቢያዎቹ ሄደው ብሬከሮቹን በእጃቸው በማንሳት ነበር። በእጅ የሚሠራበት መንገድ ባይቀርላቸው ኖሮ ጉዳቱ በሰዓታት ባልተወሰነ ነበር።

በአገራችን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትንና ሥራውን ማደናቀፍን በወንጀልነት የደነገገ ሲሆን፤ ድርጊቱ በቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ ሲፈጸም ቅጣቱን ያከብደዋል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርም በዚህ መስክ ኃላፊነት የተሰጠው ተቋም ነው። ሕጉ የሚደርሰው ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው። የማስተዳደሪያ ኮምፒዩተሩን ከቢሮው የኢንተርኔት መስመር መለየት፣ አቅራቢው ሥራውን አስረክቦ ሲሄድ የይለፍ ቃሎችን መቀየር፣ የተላኩ ትዕዛዞች በስምና በሰዓት እንዲመዘገቡ ማድረግ የተቋሙ የራሱ ሥራ ይሆናል። የማሩቺው ጉዳይ እንደሚያሳየው በተለይ ሁለተኛው ቸል ሊባል የሚችል አይደለም።

የግዥና የርክክብ ኮሚቴዎች ብዙውን ጊዜ የመሣሪያውን ብዛት፣ የቮልቴጅ መጠኑንና የዋስትና ጊዜውን በጥንቃቄ ይመዘግባሉ። በጨረታ ሰነዱ የቴክኒክ ዝርዝር ውስጥ አንድ ሠንጠረዥ እንዲቀርብ መጠየቅ ብዙ ችግር ይቀንሳል። ሠንጠረዡ መሣሪያው የሚያዝዘውን እያንዳንዱን ሞተር፣ ቫልቭና ማሞቂያ ስም የሚዘረዝር ሆኖ በኦፍላይን፣ በሪሴት፣ በኃይል መቋረጥና በኔትዎርክ መበጠስ ጊዜ እያንዳንዱ ምን እንደሚሆን የሚያስረዳ መሆን አለበት። ሠንጠረዡን መሙላት የተቸገረ አቅራቢ ስለሚሸጠው ዕቃ በቂ ዕውቀት እንደሌለው መገመት ይቻላል። በውሉ ውስጥ "ከመስመር ውጪ" የሚለው ቃል ፕሮግራሙ መቆሙን፣ ግንኙነቱ መዘጋቱን ወይስ ማሽኑ መቆሙን እንደሚያመለክት በግልጽ ይጻፍ።

በርክክብ ቀንም የወረቀት ማረጋገጫ ብቻ አይበቃም። ሰው ከማሽኑ አጠገብ አለመኖሩ ተረጋግጦ፣ ማሽኑ በሥራ ላይ እያለ የኦፍላይን ትዕዛዝ ይላክ፤ በዚያው ሁኔታ ላይ እንዳለ ዋናው ኃይል ይጥፋ፤ ከደቂቃዎች በኋላም ይመለስ። ኮሚቴው የሚያየው ነገር በሠንጠረዡ ላይ ከተጻፈው ጋር ይመሳከር። ሙከራው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

የሙከራው ውጤት በአንድ ገጽ ተጽፎ በሣጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ቢለጠፍ ማሽኑን ከዓመታት በኋላ የሚጠግነው ሰው ይጠቀምበታል። በምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ዓይነት ስፍራ የመሣሪያ መመሪያዎች በቻይንኛ ወይም በእንግሊዝኛ ታትመው ሊመጡ ስለሚችሉ ይህች አንዲት ገጽ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ መዘጋጀቷ ተገቢ ነው። በሌሊት ፈረቃ መብራት ሲመለስ ሣጥኑን የሚከፍተው መመሪያውን ያነበበው መሐንዲስ ሳይሆን ተረኛው ኤሌክትሪሺያን ነው።